ሾክ ይቀየር ከመባሉ በፊት
የመኪና ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የመጡት ከአዳማና ከዙሪያዋ ነው። መኪኖቹ ይለያያሉ፤ የሚያንኳኩበት ሰፈር ግን አንድ ነው፤ ከሻንሲው በታች፣ ከጎማው በላይ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ1998 እ.ኤ.አ. ሞዴል ፕራዶ አለኝ። ከተማ ውስጥ ጉብታ ባለፍኩ ቁጥር ከፊት በግራ በኩል «ኳ» ይላል። ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ ደግሞ መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በሁለት እጄ አጥብቄ ካልያዝኩት መስመር ይለቃል። አንዱ ጋራዥ አራቱንም ሾክ ቀይር አለኝ፤ ሌላው ሞላው ደክሟል አለ። ለሁለቱም የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ማንን ልመን?
አንባቢ፣ አዳማ ፍራንኮ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። ሾክ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ጉብታ ካለፉ በኋላ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ይንሳፈፋል፣ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ይደፋል፣ ጎማው ዙሪያውን ጎድጎድ እያለ ይበላል። «ኳ» የሚል ደረቅ ድምፅ ግን ብረት ከብረት ሲገናኝ የሚወጣ ነው። በመሀላቸው የነበረው ላስቲክ ወይም ግራሶ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከመገጣጠሚያዎቹ ይጀምር።

በጣም ርካሹ ተጠርጣሪ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ የስታቢላይዘሩን ዘንግ ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው አጭሩ ብረት። ሊንኩን ከግራም ከቀኝም ፈትታችሁ፣ ዘንጉ ሌላ ነገር እንዳይነካ በሽቦ አስራችሁ፣ በዝግታ ያንኑ ጉብታ እለፉበት። ድምፁ ከጠፋ ጉዳዩ አለቀ። ሁለት ሊንክ ገዝቶ ማስገባት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሊንኩ ሳይታሰር ግን ወደ አውራ መንገድ አይውጡ፤ መኪናው ጥምዝ ላይ ከለመዱት በላይ ይጋደማል።

ድምፁ ካልጠፋ ቀጣዩ የታችኛው ቦል ጆይንት ነው፤ ጎማውን ከታችኛው አርም (ከሻንሲው ወደ ጎማው ከሚዘረጋው ክንድ) ጋር የሚያገናኘው ኳስና የኳሱ ቤት፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የተሠራው የእርስዎ ዓይነት ፕራዶ፣ 90 የሚባለው፣ እንዲሁም የዚያው ዘመን ሰርፍ፣ የታችኛው ቦል ጆይንት አቀማመጡ ከብዙ መኪና ይለያል። በሌሎቹ የመኪናው ክብደት ኳሱን ወደ ቤቱ እየተጫነ ያስቀምጠዋል። በእነዚህ ግን ክብደቱ ኳሱን ከቤቱ ወደ ውጭ ሲጎትት ነው የሚውለው። ቤቱ ሲሰፋ የሚያስቀረው ነገር የለም። አንድ ቀን ኳሱ ሾልኮ ይወጣል፤ ጎማው ፓራፋንጎው ስር ይተኛል፤ የፍሬን ቱቦውንና የጎማውን አክሱል ይዞ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ መሪ ሲጠመዝዙ ከሆነ እድለኛ ነዎት።

ምርመራው እንዲህ ነው። ክሪኩን ከሻንሲው ስር ሳይሆን ከታችኛው አርም ስር፣ ወደ ጎማው አስጠግተው ያስገቡ። ሻንሲው ላይ መደገፊያ ያስቀምጡ። ጎማው ከመሬት 5 ሳ.ሜ. ያህል ሲነሳ አንድ ሰው ረጅም ብረት ከጎማው ስር አስገብቶ ወደ ላይ ያንሳው፤ ሌላው ባትሪ ይዞ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ አድርጎ ይመልከት። ጎማው ወደ ላይ ሲነሳ አርሙ ሳይንቀሳቀስ በመሀል ክፍተት ከተከፈተና ከተዘጋ አልቋል። ዓይን የሚያየው ወይም ጣት የሚሰማው እንቅስቃሴ ካለው መኪናው እስኪሠራ ወደ አሰላም ሆነ ወደ መተሐራ መንገድ አይውጣ። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ ጨዋታ (ልቅ እንቅስቃሴ) ባይኖረውም እንኳ ዕድሜው አጭር ነው። የአዳማ ደቃቅ አቧራ ከግራሶው ጋር ሲላቆጥ ግራሶውን ሞረድ ያደርገዋል።

ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። የግራና የቀኙ ዕቃ የተለያየ ስለሆነ ሻጩ «አንድ ነው» ካለዎት ሱቁን ይቀይሩ። እያንዳንዱ በአራት ቡሎን ነው የሚታሰረው። የድሮዎቹን ቡሎኖች መልሶ ማሰር የዚህ ሥራ የተለመደ ጥፋት ነው፤ የተሳበ ቡሎን ለዓይን ደህና መስሎ ራሱን ይደብቃል። አዲስ፣ የፋብሪካው ዓይነት ቡሎን ይግባ፤ የሚገባበት ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳ፤ ማጥበቂያውም በመኪናው ማኑዋል ልክ በቶርክ ቁልፍ ይሁን። በረጅም ቱቦ ተደግፎ «እስኪበቃ» ማጥበቅ ልክ አይደለም።

የመሪው መዋለልስ? ይህ ፕራዶ የመሪ ራክ፣ መሪው ሲዞር ጎማዎቹን ግራ ቀኝ የሚገፋው ክፍል፣ ያለው ነው፤ ራኩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ላስቲኮች ሲያልቁ መሪዎ ጎማውን ከማዞሩ በፊት ራኩን ራሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ሞተሩ ተነስቶ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያድርግ፤ እርስዎ ከስር ሆነው ራኩን ይመልከቱ። ቤቱ ከነአካሉ ወዲያ ወዲህ ካለ ላስቲኩ ነው። በዚያው ታይሮዶቹን፣ ራኩን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎች፣ በእጅ ይጨብጡ፤ ጨዋታ እጅ ላይ ይሰማል። ኋላውንም አይርሱት። የኋላ የታችኛው አርም ቡሺንግ (የላስቲክ መያዣው) ወይም አክሱሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒ (ላስቲክ) ካለቀ የመኪናው ጅራት ይወዛወዛል፤ ለነጂው ግን ጥፋቱ ሁሌ የመሪው ይመስለዋል።

ሾኮቹንም እንመርምር፤ ሁለቱም ጋራዦች ያልሠሩት ሥራ አለና። ኮረኮንች መንገድ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ነድተው ይቁሙና አራቱንም ሾክ በእጅዎ ይንኩ። ሾክ ሥራ ሲሠራ ይሞቃል። ሦስቱ ሞቅ ብለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ሥራ ፈትቷል። ከላይ በኩል ቀጭን የዘይት ወዝ መታየቱ አያስደነግጥም፤ ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ አቧራ ጋግሮበት ከሆነ ግን ፈሷል። መኪናውን በእጅ እየተጫኑ ማንጠርጠር አዋቂ ያስመስላል እንጂ ብዙ አይነግርዎትም፤ ግማሽ የሞተ ሾክ ያን ፈተና ያልፋል።

ገንዘቡ ካነሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቦል ጆይንትና ታይሮድ፣ ቀጥሎ የራክና የአርም ላስቲኮች፣ ከዚያ ሾክ ጥንድ ጥንዱን፤ አራቱን በአንዴ ማድረግ ግዴታ አይደለም። ሞላ መጨረሻ ነው። ሞላው መድከሙን ለማወቅ መኪናውን ጭነት ሳይኖርበት ሜዳ ቦታ አቁመው ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ይለኩ። በግራና በቀኝ መካከል ከ1 ሳ.ሜ. በላይ ልዩነት ካለ ሞላው ተኝቷል። በእኛ አገር ፕራዶ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወርደው የግራው፣ የነጂው በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። የአንድ ደንበኛዬን ፕራዶ 120 የፊት የታችኛ አርም ቡሺንግ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀየርኩለት። ሁለቴም ላስቲኩ ከመሀሉ ተገንጥሎ መጣ። ዕቃው ፎርጂድ ነው እንዳልል ሁለተኛውን ውድ ነው የገዛነው። ምን ላይ ነው የሳትኩት?
ባለሙያ፣ አዳማ

መልስ፦ ዕቃውን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ነገር እንጠይቅዎት፤ የአርሙን ትልልቅ ቡሎኖች መጨረሻ ላይ ያጠበቁት መኪናው በምን ላይ ቆሞ ነው? ጎማው ተንጠልጥሎ ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

ቡሺንጉ የሚሽከረከር ነገር አይደለም። መሀሉ ያለው ብረት ቱቦ ቡሎኑ ሲጠብቅ በሁለት በኩል ተነክሶ ይያዛል፤ ውጭው ቀለበት ደግሞ ከአርሙ ጋር ነው። አርሙ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠመዘዘው በመሀል ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ካጠበቁት ላስቲኩ «ማረፊያዬ ይህ ነው» ብሎ የሚይዘው የወረደውን ቦታ ነው። መኪናውን መሬት ሲያወርዱት አርሙ ይነሳል፤ ላስቲኩ ገና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሳለ ተጠምዝዟል። ጉድጓድ ሲመታ በዚያ ላይ ይጨመርበታል። በጥቂት ወራት ይገነጠላል፤ የተገነጠለውን ሲያዩት ስንጥቁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተስቦ ያገኙታል። ይህን ምልክት አይተው ከሆነ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

አሠራሩ ይህ ነው። ከመፍታትዎ በፊት በአርሙ ቡሎኖች ላይ ያሉትን፣ የአርሙን ቦታ የሚያስተካክሉትን ካም ዋሸሮች በነጭ ቀለም ከነቦታቸው ምልክት ያድርጉባቸው፤ አላይመንቱ እነሱ ላይ ነው ያለው። በአሮጌ መኪና ቡሎኑ ከቡሺንጉ ቱቦ ጋር በዝገት ይጣበቃል። በዋዜማው ማታ ዝገት ማላቀቂያ ይርጩበት። አሁንም እምቢ ካለ በእሳት አያቃጥሉት፤ ላስቲኩ ይጨሳል፣ የአርሙ ብረትም ይጎዳል። በግራይንደር ከሁለት በኩል ቆርጦ አዲስ ካም ቡሎን ማስገባት ይሻላል፤ ለደንበኛውም ይህ ወጪ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ ይነገረው፤ ኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

አሮጌው በፕሬስ ይውጣ። ፕሬስ ከሌለዎት ወደ ቶርኖ ቤት ይላኩት። አዲሱን ሲያስገቡ የሚገፋው ውጭኛው ቀለበት ነው፤ ልኩ የሆነ ቱቦ አዘጋጅተው በዚያ ይጫኑት። መሀሉን ገፍተው ካስገቡት፣ በመዶሻማ ከሆነ ጭራሽ፣ ላስቲኩ ሳይሠራ ተቀዷል። ላስቲኩ ላይ ባዶ ቀዳዳ ወይም ምልክት ካለ አቅጣጫው ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ለማንሸራተት የሳሙና ውሃ እንጂ ግራሶ ወይም ዘይት አይንካው።

ከዚያ አርሙን ይግጠሙና ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ፣ ዳዶው እስኪነካ ያስሩ። ጎማውን ይግጠሙ፤ መኪናውን ያውርዱ፤ ወደፊትና ወደኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ይንዱት፤ ከፊት ጫን ጫን አድርገው ያንጠርጥሩት፤ ይረጋ። አሁን ጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በማኑዋሉ ልክ ያጥብቁ። ጉድጓድ የሌለዎት ከሆነ ክሪኩን ከአርሙ ስር አስገብተው ሻንሲው ከመደገፊያው ላይ ሊለቅ እስኪል ያንሱት፤ ያ ቁመት መሬት ላይ ከቆመበት ብዙም አይርቅም። የኋላውን አርም ቡሺንግና የባሌስትራ (የቅጠል ሞላ) ጎሚኒም እንዲሁ ነው፤ ማንኛውም ላስቲክ ያለበት ቡሎን ክብደቱ መሬት ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቀው።

አንድ ሌላ ነገር። ላቫጆ ቤቶች ከመኪናው ስር የተቃጠለ ዘይት የሚረጩት ልማድ ሻንሲውን ከዝገት ሊያድን ይችላል፤ ለላስቲክ ግን መርዝ ነው። ላስቲኩ ያብጥና እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። ደንበኛዎ በየሁለት ሳምንቱ የሚያስረጭ ከሆነ ምንም ያህል ጥሩ ቡሺንግ ቢያስገቡለት ይመለስብዎታል።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 78 ሃርድቶፕ ነው። ከወለንጪቲ በኩል ጭነትና ሰው ያመላልሳል። የኋላ ባሌስትራ ዋናው ቅጠል በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ባሌስትራ የሚመታ ሰው አግኝቼ ላስመታው ነው፤ አንድ ቅጠልም ልጨምር። ምን ትላላችሁ?
አንባቢ፣ ወለንጪቲ

መልስ፦ መጀመሪያ የተሰበረውን ቅጠል ያንሱና የት ላይ እንደተሰበረ ይዩ፤ ጥፋተኛውን እሱ ይነግርዎታል። መሀል ላይ፣ የመሀል ቡሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ከሆነ ዩ ቦልቶቹ ላልተው ነው። ባሌስትራው ከአክሱሉ ጋር ተጣብቆ ካልታሰረ መሀሉ መታጠፍ ይጀምራል፤ ቀዳዳው ያለበት ደግሞ ደካማው ቦታ ነው። ጫፉ ላይ ጆሮው አጠገብ ከሆነ የጎሚኒው ወይም የፒኑ ጥፋት ነው፤ ደርቆ ወይም ዝጎ መዞር አልቻለም። በመሀልና በጫፍ መካከል ከሆነ ጭነት ወይም የሞተ ሾክ ነው። ሾክ የሚቆጣጠረው ባሌስትራው ተጭኖ ሲመለስ የሚወረወርበትን ጉልበት ነውና፤ ብዙ ቅጠል የሚሰበረው ጉድጓድ ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው።

በስድስት ወር ሁለቴ የሚለው ወደ ዩ ቦልቱ ይጠቁማል፤ ባሌስትራ ሲቀየር የድሮውን ዩ ቦልት መልሶ ማሰር የተለመደ ስለሆነ። አንዴ የጠበቀ ዩ ቦልት ተስቧል፤ ሁለተኛ ጥብቀቱን አይይዝም። አዲስ ከነዳዶው ይግዙ። ክብደቱ ባሌስትራው ላይ እንዳለ በዲያጎናል፣ ትንሽ በትንሽ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ከ100 ኪ.ሜ. በኋላ እንደገና፣ ከ1,000 ኪ.ሜ. በኋላም እንደገና ያጥብቁ። ይህን ሦስተኛ ጊዜ የሚያጠብቅ ሰው እምብዛም ነው።

ማስመታቱን አንመክርም። በቀዝቃዛው በመዶሻ ተመትቶ ቅስቱ የተመለሰ ቅጠል ቀድሞ ወደለመደው ቦታ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ የመዶሻው ጠባሳም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። በትክክል ለመመለስ ምድጃ ውስጥ ግሎ፣ ተቀርፆ፣ በዘይት ጠንክሮ፣ ዳግም ሙቀት ማግኘት አለበት፤ መንገድ ዳር የሚሆን ሥራ አይደለም። የተሰበረን በብየዳ መቀጠል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጠባይ ይገድለዋል፤ ከብየዳው ጎን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ቅጠል መጨመር ይቻላል፤ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን፣ መኪናውም አብዛኛውን ጊዜ ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ነው። ባዶውን ሲሄድ ኋላው ይደነድናል፣ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ከፍታውም ስለሚጨምር የሾኩ ርዝመት መበቃቱ ይታይ። ለእርስዎ አጠቃቀም ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ከነጎሚኒው፣ ከነፒኑና ከነዩ ቦልቱ መግዛት በዓመቱ መጨረሻ ርካሹ ነው የሚሆነው። ቅጠሎቹን በግራሶ ወይም በተቃጠለ ዘይት አይቀቧቸው፤ አቧራ ይጋግርባቸውና ይበላሉ። ጠርገው፣ ደረቅ ግራፋይት ካገኙ በእሱ ቢቀቡት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 80፣ የ1995 እ.ኤ.አ. ሞዴል። በ70 እና 80 ኪ.ሜ. መካከል መሪው እጄን እስኪያደነዝዝ ይንቀጠቀጣል፤ ካለፈው ወይም ከወረደው ይተወዋል። አላይመንት ሁለት ጊዜ አስደረግሁ።
አንባቢ፣ አዳማ

መልስ፦ ይህ መኪና ፊቱ ሙሉ አክሱል ነው። አላይመንት ቤት የሚስተካከለው ከሞላ ጎደል ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊት ጠርዛቸውና ከኋላ ጠርዛቸው ያላቸው ርቀት ብቻ ስለሆነ ሦስተኛ ጊዜ አይክፈሉ። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ ንቅጥቃጤ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው፤ የሚያጎላው ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ ጨዋታ ነው። ስለዚህ አራቱን ባላንስ ያሠሩ፣ ጎማውን እያሽከረከሩ ክብነቱን ይዩ፣ ከዚያ ጨዋታውን ይፈልጉ።

የፊቱ አክሱል ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ረጅሙ ዘንግ ነው፤ ፓናርድ ይባላል። ሞተሩ ተነስቶ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲያደርግ የዘንጉን ሁለት ጫፍ ይመልከቱ። ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ጎሚኒው አልቋል። ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት። ጨዋታ ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬኑ ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ሳይጠፋ ከቀረ ግን ጎማው የሚታጠፍበት የኪንግ ፒን ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው በሺም (በስስ የብረት ቁራጭ) እየተለካ የሚስተካከል ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ ይህን ሞዴል ለሚያውቅ ሰው ይስጡት።

የመሪ ዳምፐር (የመሪውን ንቅጥቃጤ የሚያረጋውን ትንሽ ሾክ) ቀይር የሚልዎት ይኖራል። አዲስ ዳምፐር ንቅጥቃጤውን ለጥቂት ወራት ይደብቀዋል፤ ያኔ ጎሚኒው ጨርሶ ይበላል። እሱን መጨረሻ ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ በሞላው ጥቅልሎች መሀል የላስቲክ ቁራጭ አስገባ ተባልኩ፤ መኪናው ከፍ ይላል፣ ጉብታም አይነካም ይላሉ። ልክ ነው?
አንባቢ፣ ሞጆ

መልስ፦ ከፍ ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ላስቲኩ ሁለት ጥቅልሎች እንዳይሠሩ አሰራቸው ማለት ነው፤ የእነሱን ድርሻ ሌሎቹ ይሸከማሉ። ሞላው ከላስቲኩ ጠርዝ ላይ ይሰበራል። አንድ በኩል ብቻ ከገባ ደግሞ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ይስባል። ለተኛ ሞላ መድኃኒቱ ጥንድ ሞላ ነው።

ጥያቄ፦ ራቭ4፣ የ2002 እ.ኤ.አ.። መሪ ሙሉ በሙሉ ስጠመዝዝ ከፊት በኩል «ትንግ» ይልና መሪው ዘለል ይልብኛል። ሾክ ባለፈው ዓመት ቀይሬያለሁ።
አንባቢ፣ ቢሾፍቱ

መልስ፦ በራቭ4 ፊት ላይ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ መሪ ሲዞር ሁለቱም አብረው ይዞራሉ። የሚዞሩት ከላይ ባለው ኩሽኔታ ላይ ነው። እሱ ሲደርቅ ሞላው ይጠመዘዝና በአንዴ ይለቃል፤ «ትንጉ» ያ ነው። ቦኔቱን ከፍተው ሌላ ሰው መሪ ሲያዞር እጅዎን ከጎማው በላይ ሞላው ላይ ያድርጉ፤ ዝላዩ ይሰማዎታል። ጣትዎን በጥቅልሎቹ መሀል እንዳያስገቡ ብቻ።

ባለፈው ዓመት ሾክ ሲቀየር የድሮው ኩሽኔታ ተመልሶ ገብቶ ይሆናል። ሾክ በተፈታ ቁጥር የላይኛው ኩሽኔታ፣ የላስቲክ መደገፊያውና የአቧራ መከላከያው አብሮ መቀየር አለበት፤ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ሞላ መጭመቂያ ይፈልጋል፤ ሁለት መንጠቆ በትይዩ ገብቶ፣ ተራ በተራ በጥቂት ዙር እየጠበቀ። ሞላው ከመቀመጫው ለቅቆ በእጅ መንቀሳቀሱ ሳይረጋገጥ የመሀሉን ዳዶ መፍታት ሰው ገድሏል። መጭመቂያ ሳይኖረው በገመድ አስሮ የሚፈታ ሰው ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ሲገጠም የሞላው የታችኛው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ደረጃ ጋር ይግጠም፤ ሲጨርሱ አላይመንት ግዴታ ነው፤ ከታች ያሉት ሁለት ቡሎኖች ሲፈቱ የጎማው ማዘንበል ይቀየራልና።

ጥያቄ፦ ኦሪጅናልና ፎርጂድ ቦል ጆይንት በምን ይለያል? ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ላስመጣ ወይስ ከዚሁ ከአዳማ ልግዛ?
አንባቢ፣ አዳማ

መልስ፦ ቦታው አይደለም የሚለየው፤ ሁለቱም ጋ ሁለቱም አሉ። በእጅዎ ይያዙት። አዲስ ቦል ጆይንት ዘንጉ በእጅ ሲገፋ በከባዱ፣ ለስለስ ብሎ፣ እኩል ይንቀሳቀሳል፤ ልቅ ከሆነ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከነከሰ መልሱት። የላስቲኩ ሽፋን በቀለበት ተይዞ መቀመጡን፣ ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ከሳጥኑ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን፣ ጥርሱ ንጹሕ መሆኑን ይዩ። እንደ ካያባ ያሉት የሾክ ስሞች ሳጥናቸው በብዛት ስለሚቀዳ ሳጥኑን ብቻ አይተው አይግዙ። ሾኩን አቁመው እስከ ታች ይጫኑት፤ ባዶ ቦታ ሳይኖረው እኩል መቃወም አለበት። አዲሱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ቢሆንብዎ አይደንግጡ፤ ተኝቶ ስለቆየ ነው፤ ቀጥ አድርገው አራት አምስት ጊዜ ሲያስወጡና ሲያስገቡት ካልተስተካከለ ያኔ ይመልሱት።

ያገለገለ ቦል ጆይንትና ታይሮድ በምንም ዋጋ አይግዙ። ያገለገለ ሞላ ግን ጥንድ ሆኖ ርዝመቱ እኩል ከሆነ፣ ዝገትና ስንጥቅ ከሌለበት፣ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም ተገጥሞ አላይመንቱ ከተሠራ በኋላ ጎሚስታው ጋ ይቁሙና ነፋሱን ያስለኩ፤ የነጂው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ልክ ለፕራዶ 30 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ሆኖ ሳለ 45 ተሞልቶ የሚወጣ መኪና ሞልቷል፤ እንዲህ የተነፋ ጎማ አዲሱንም ሾክ እንደሞተ ያስመስለዋል።